ናፍጣ የነካው ጾም

ፍልሰታ በገባ ቁጥር ምላሴ ላይ ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ደርሷል፤ ነገሩ የሆነው በስምንት ዓመቴ ነው። ቢሆንም ነሐሴ መጥቶ፣ ቅዳሴው ረዝሞ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ከሕፃናቱ ሰልፍ ኋላ ስቆም ያ ጣዕም ሳይጠራ ይመጣል። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ቆይቶ ይሞቃል። ልጅ እያለሁ ያስፈራኝ ነበር። አሁን የዘገየ እንደሆነ እጠብቀዋለሁ።

ያደግኩት ጎረቤላ ነው። የነሐሴን ጎረቤላ የሚያውቅ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ በኩል፣ ገደሉን ተደግፎ ቀስ እያለ ይወጣና መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ጥዱን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ቤት ይወስደዋል። ለእኔ ቤቶቹ የምር የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ። ማለዳ ስነሳ የነእትዬ ወርቅነሽ ቤት ተመልሶ እንደሆነ ለማየት ወደ ደጅ እወጣለሁ። ተመልሶ ሳገኘው፣ ጣሪያው በጤዛ ርሶ፣ ሩቅ አገር ደርሶ የመጣ ይመስለኛል።

አባቴ ፍሥሐ አሮጌ የናፍጣ ፒክ አፕ ነበረው። ቀለሟ አመድማ ስለሆነ አገሩ ሁሉ እንደ ላም «ዳልቻ» ይላታል። ከደብረ ብርሃን ጨውና ሳሙና ጭና ትመጣለች፣ በገበያ ቀን ወደ አሊዩ አምባ ትወርዳለች፣ ሰው ሲታመም ደግሞ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። በዚያ ዘመን በእኛ መንገድ ሌላ መኪና ለማየት ሳምንትም ይጠበቅ ነበር። በዚያ ነሐሴ፣ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ዳልቻ ከቤታችን በላይ ካለው መንገድ ዳር ስትደርስ ሦስቴ አስላ ቆመች። ከዚያ ወዲያ አልነሳ አለች።

በዚያው ሰሞን እናቴም አልጋ ላይ ዋለች።

«ሆዷን አሟት ነው፤ ይሻላታል» አሉኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ስናገረው ነገሩ ግልጽ ነው፤ እናቴ ወለተሐና ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትምና በዚህኛው ላይ ሰው ሁሉ አፉን ቆልፎ ነበር። ለልጅ ቀርቶ ለጎረቤትም አይወራ። ወፍራም የሱፍ ባናዋን ደርባ ስትንቀሳቀስ መክበዷን እንኳ ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ግን የመንደሩ አዋላጅ እትዬ ወርቅነሽ ለሴቶቹ «ሁለት ነፍስ ናት እኮ፣ ቀስ በሉ» ስትል ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ አንድ ነፍስ ሲኖረው እናቴ ሁለት አላት ማለት ነው፤ አንዷ ብትሄድ አንዷ ትቀራለች።

ቢሆንም ነገሩን ለማጥበቅ ተሳልኩ። ነሐሴ አንድ ቀን ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ መጋረጃው ፊት ቆሜ፣ አሥራ አምስቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ ሳልቀምስ እጾማለሁ፣ እቆርባለሁ፤ አንቺ ደግሞ እናቴን አንሺልኝ አልኳት። ሌሎቹ ልጆች ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ተደብቀው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኔ ምራቄን እንኳ የምውጠው እየተጠራጠርኩ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥር ቀን ሞላልኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ሳል መጣ፣ ቀጥሎ ዱላ፣ ቀጥሎ ሰው። ያን ሁሉ ዳገት ከአሊዩ አምባ በእግሩ የወጣው ጋሼ ኑርዬ ነበር። የቆላውን የወፍጮ ሞተር ሁሉ የሚጠግን፣ መኪናም የሚያውቅ የአባቴ ወዳጅ ነው፤ አባቴ ልኮበት ኖሯል። ብብቱ ሥር በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል።

«መድኃኒቷን አምጥቻለሁ» አለው አባቴን።

አባቴ ሰላምታውን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ። እኔ መድኃኒቱን ለማየት ተጠጋሁ። ሽርጡ ሲፈታ የወጣው ጭብጥ የሚያህል፣ አፍና አፍንጫ የመሰለ ሁለት ቀዳዳ ያለው ብረት ነበር። ቆላ ውስጥ ወድቃ ከቀረች የዳልቻ ቢጤ የተፈታ የናፍጣ ፓምፕ ነው። ይህን እናቴ እንዴት አድርጋ እንደምትውጠው ግራ ገብቶኝ ቀረሁ።

ኮፈኑን ከፍተው ሥራ ጀመሩ። ጋሼ ኑርዬ ሲሠራ ምላሱ አያርፍም። አባቴን ለመሆኑ ስታጠጣት የኖርከው ናፍጣ ነው ጠላ ይለዋል፤ አባቴ ኧረ እሷ በጸሎት ነው የምትሄደው ይላል፤ እንግዲያው ጸሎትህ ዝጓል ይለዋል ያኛው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ ሆዱን ይዞ የሚስቅበት ወግ ነው። ያን ቀን ግን ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም፤ ጆሮው ከታች፣ ከቤታችን በኩል ነው።

ወሩ ረመዳን ነበር። በእኛ ፍልሰታ፣ በእነሱ ረመዳን፣ ሁለቱ ጾም አንድ ነሐሴ ላይ ተገናኝተው ነበር። አባቴ ያን ዳገት ውኃ ሳይቀምስ መውጣቱን አይቶ ሲያዝንለት ጋሼ ኑርዬ አልተቀበለውም። እናንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቶሎ ብላችሁ ትፈታላችሁ፣ እኛ ፀሐይን እስክትገባ እንሸኛታለን፣ የእንግዳ አሸኛኘት የምናውቀው እኛ ነን አለው። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ የእሱ ጾም ከእኔ ጾም ይረዝማል።

አሮጌው ፓምፕ ተፈትቶ ወጣ። ጋሼ ኑርዬ ገለጠና ውስጡን አሳየኝ። እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረች ክብ ጎማ ነበረች፤ መሃሏ ተቀዷል።

«አየሽ ፍሬ? ይቺ ከፍ ዝቅ እያለች ናፍጣውን ከኋላ ትስባለች፣ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። አሁን የምትስበው አየር ነው። ሆዷን ነው ያመማት።»

ሆዷን ነው ያመማት። ይህን ስሰማ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። እናቴንም ሆዷን ነው ያመማት። ዳልቻና እናቴ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ በሽታ ወድቀዋል፤ ስለዚህ አንዲቷ ከተነሳች ሌላይቱም ትነሳለች። ማርያምም መድኃኒቱን የላከችው ለዳልቻ አስመስላ ነው።

ከታች ከቤት የሴቶች ድምፅ ይመጣል። «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፣ እየተቀባበሉ። ፍልሰታ ስለሆነ እየጸለዩ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም የሚጸልዩት ማታም ጭምር በመሆኑ ኮርቼባቸው ነበር። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ የሚባል መሆኑን ያወቅኩት አድጌ፣ በሌላ ሴት ደጅ ቆሜ ነው። ያን ማለዳ እናቴ ካማጠች አንድ ሌሊትና አንድ ቀን አልፏት ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ለአባቴ ቁርጡን የነገረችው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሕፃኑ ተጋድሟል፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ካልደረሰች ሁለቱም የሉም። በቃሬዛ አርባ ኪሎ ሜትር፣ በዚያ ብርድና ጭቃ፣ አትደርስም። ያለችው ዳልቻ ብቻ ነች።

«ዛሬ ካልተነሳች…» አለ አባቴ፣ መፍቻ እንደያዘ።

«ትነሳለች» አለ ጋሼ ኑርዬ፣ ራሱን ከሞተሩ ውስጥ ሳያወጣ። «ኢንሻአላህ ትነሳለች።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። እነሱም ቢጠየቁ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ከቆላ የመጣው ፓምፕ ልክ ገባ። ብሎኖቹ ጠበቁ። ከዚያ ጋሼ ኑርዬ አንድ ነገር ሲፈልግ በጣቱ ዳበሰ። በእጅ እየተገፋች መጀመሪያ ናፍጣ የምትስበው ትንሿ ምላስ ከሥሯ ተሰብራለች። አዲስ ፓምፕ ሲገባ መስመሩ ባዶ ነው፤ ከኋላ ካለው ከናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ከሰልባትዮው፣ ናፍጣውን የሆነ ነገር ስቦ ካላመጣላት ሞተሩ አየር እየበላ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ባትሪውም ደክሟል፤ ከአንድ ሁለቴ በላይ አይሞክርም።

መጀመሪያ ሰልባትዮውን ነፍተው ናፍጣውን በትንፋሽ ለመግፋት አሰቡ። መንፋት ጾም አይነካም። አባቴ የሰልባትዮውን አፍ በጨርቅ ጠቅልሎ እስኪቀላ ነፋ፤ ጋሼ ኑርዬ ተካው። ነገር ግን የሰልባትዮው አንገት በዝገት ተበልቶ ነበርና ትንፋሻቸው ሁሉ በጎን ወጣ። ሁለት ጾመኞች በጉም ውስጥ ተራ በተራ መኪና ሲነፉ ሳይ ሳቄ መጣ። ጋሼ ኑርዬም አየኝና ሳቀ። ወዲያው ከታች አባቴን ጠሩት። ሰዎቹ ቃሬዛውን ሊያነሱ ነው።

አባቴ ሮጠ። ጉሙ ወሰደው። እኔና ጋሼ ኑርዬ ብቻችንን ቀረን።

ከመፍቻ ሳጥኑ አንድ ክንድ የምታህል ቱቦ አወጣ። አንዱን ጫፍ ከሰልባትዮው ከሚመጣው መስመር ጋር ሰካ። ሌላውን ጫፍ እያየ ቆመ። አፍ ውስጥ አስገብቶ መሳብ ነው፤ ናፍጣው ሲመጣ ቶሎ ከፓምፑ ጋር ማገናኘት። መካኒክ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ብዙ ጊዜም አንድ ጉንጭ ይዋጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። «ቢስሚላህ» አለ፣ ግን ቱቦውን ወዲያው አላነሳም። በቆመበት ትንሽ ተነፈሰ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳሁትም፤ እንደ ሒሳብ ነበር ያሰብኩት። የእኔ ጾም የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የእሱ ፀሐይ ስትገባ። ረጅም ጨርቅ ከሚቀደድ አጭር ጨርቅ ይቀደድ። ከዚያ ደግሞ ስለቴን አሰብኩ። እኔ ከዋጥኩ ስለቴ ፈረሰ፤ ማርያም እናቴን ላታነሳልኝ ትችላለች። ናፍጣው ካልመጣ ግን ዳልቻ አትነሳም፣ ዳልቻ ካልተነሳች እናቴ አትነሳም። ሁለቱን አስተያየሁ። በየትኛውም በኩል ገደል ነበር።

ቱቦውን ከእጁ ነጥቄ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

«ፍሬ! ተይ!» ሲለኝ ስቤያለሁ። መጀመሪያ አየር፣ የዝገት ሽታ። እንደገና ሳብኩ። በመጨረሻ አንድ ጉንጭ ቀዝቃዛ ነገር ጉሮሮዬን መትቶ ወረደ። ዓይኔ ተጋረደ። ተንደርድሬ ሳሩ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩና ሳልኩ፣ ተፋሁ፣ አለቀስኩ። ጉሙ እስከ ሳሩ ወርዶ ነበርና እጆቼን እንኳ አላያቸውም።

ቀና ስል ጋሼ ኑርዬ አጎንብሶ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነበር። አፉን በክንዱ ጠረገ። «መጣ» አለኝ። «ደረሰልሽ። ጎበዝ።» ድምፁ ወፈር ብሏል። ብርድ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ጠርቶ አጠገቡ አቆመኝ። ከሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አደረጋት፤ ናፍጣ ከአረፋ ጋር ትስስ እያለ ይወጣ ጀመር። አየሩ እስኪወጣላት አዳምጪ፣ አረፋው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ትስ፣ ትስስ፣ ፍስ… ከዚያ ዝምታ፣ እንደ ጸጥ ያለ ምንጭ። «አሁን» አልኩት። ብሎኗን ዘጋት። ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን በመጠገን ነው የምኖረው። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት የለም፤ የማውቀው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች ዝምታ ነው።

ቃሬዛው ከጉሙ ውስጥ ወጣ። እናቴ በባና ተሸፍና ፊቷ ብቻ ይታያል፤ የእሷ ፊት አልመስል አለኝ። ሸራው ሥር ከኋላ አስተኟት፣ እትዬ ወርቅነሽና ሁለት ሴቶች አብረዋት ገቡ። አባቴ ጋቢና ገብቶ አማተበና ቁልፉን ጠመዘዘ። ዳልቻ ጮኸች፣ ደከመች፣ ዳግመኛ ጮኸች፣ ልታቆም ስትል አስላ ተነሳች። ነጭ ጭሷ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ።

ቀና ብዬ እናቴን ጠበቅኩ። አልተነሳችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማርያም ግማሹን ሰጥታ ግማሹን የከለከለችው ስለቴን ስለሰበርኩ ነው።

እኔን ጋቢና ከአባቴ ጎን አስቀመጡኝ። ጋሼ ኑርዬ ከኋላ ቆመ፤ ለሴቶቹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ሸራውን ይዞ። ጣሪያውን አንዴ ከመታ ቀስ በል፣ ሁለቴ ከመታ ቁም ማለት ነው። ዳገቱን ወጣን። ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች ነጠላ እንደለበሱ ሰዎች ከጉሙ እየወጡ አዩን፣ ተመልሰው ገቡ። ናፍጣው በግሣት ይመለስብኛል። በልቤ ድንግል ሆይ ሳላስብ ነው ለማለት ሞከርኩ፤ ውሸት መሆኑን ስለማውቅ ተውኩት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ጣሪያው ሁለቴ ተመታ። አባቴ ቆመ። «ሞተሩን እንዳታጠፋ» አለ ጋሼ ኑርዬ ከላይ። ዳልቻ በቆመችበት ስትንቀጠቀጥ፣ ከኋላ «ማርያም ማርያም» ሲፈጥን፣ እኔና አባቴ ፊት ለፊታችን ያለውን ነጭ ነገር እያየን ተቀመጥን። ከዚያ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። ሦስት ስለሆነ በሥላሴ ስም ነው ብዬ አሰብኩ። ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ሰባት መሆኑን አላውቅም ነበር። መንገዱ ነቅንቋት፣ ወይም እትዬ ወርቅነሽ እንደምትለው እመቤታችን በእጇ አዙራት፣ ተጋድማ የነበረችው ልጅ ተቃንታ ወጥታለች።

አባቴ ሊወርድ በሩን ሲከፍት የእትዬ ወርቅነሽ ድምፅ መለሰው።

«እንግዴ ልጁ አልመጣም። ደሟ እየፈሰሰ ነው። ንዳ!»

አባቴ ነዳ። ዳልቻን እንዲያ ሲነዳት አይቼው አላውቅም። እኔ በኋላው መስኮት ዞሬ ያ የእንግዳው ልጅ የት እንደቀረ ለማየት ሞከርኩ። ሜዳው ላይ ማንም የለም። «አባዬ፣ የእንግዳው ልጅ እኮ ቀረ» አልኩት።  ጢሙ በዕንባ ርሶ ነበር። ማንም ያልጠበቀው ልጅ በጉም መሃል ብቻውን ሲሮጥ ለብዙ ሌሊት በሕልሜ አይቼዋለሁ። እንግዴ ልጅ ማለት ከሕፃኑ ኋላ መውጣት ያለበት መሆኑን፣ ሳይወጣ ሲቀር ስንት እናት እንደወሰደ፣ የተረዳሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቴን ነጭ የለበሱ ሰዎች ይዘዋት ገቡ፤ አባቴ ተከትሎ በሩ ላይ ቀረ። እኔ ከጋሼ ኑርዬ ጋር ግቢው ውስጥ፣ ከዳልቻ መረገጫ ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቃት ሴት አይታኝ ጉርሻ የሚያህል ዳቦ ሰጠችኝ። አሁን ጎረቤላ ልጆቹ እየቆረቡ ነው፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው እየወጡ ነው። ዳቦውን ይዤ ቀረሁ። በሰበሩት ጾም ላይ መብላት ይቻል እንደሆን አላውቅም ነበር።

ጋሼ ኑርዬ ቧንቧው ጋ ሄዶ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ተፋው። አልጠጣም። ሲመለስ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «አንድ ቀን አለብኝ» አለ። የሆነ ሰው እርሻ ላይ የቀን ሥራ ቀርቶበት እንደሆነ ገመትኩ።

በሩ ተከፈተና እትዬ ወርቅነሽ ብቅ አለች። ነጠላዋ በደም ተበላሽቷል፣ ፊቷ ግን ያበራል። አባቴን አለፈችው፣ እኔንና ጋሼ ኑርዬን እያየች ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ማርያም ማረቻት!» አለች።

አየችኝ እንጂ ስሜን አልጠራችም። አያስፈልግም። ናፍጣ የዋጠችው፣ ስለት የሰበረችው ሴት ልጅ አንዲት ነች፤ ማርያም ማረቻት። ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ተነሳ። ዳቦውን እያለቀስኩ ጎረስኩት። ጋሼ ኑርዬ ራሴን ዳበሰኝ፤ የማለቅሰው ለእናቴ መስሎታል፤ ለራሴ መሆኑን በምን ይወቅ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ካለው ቤተ ክርስቲያን አባቴ ወስዶኝ፣ እንደ ተማረች ልጅ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆረብኩ። ናፍጣው ምላሴ ላይ ነበረ። አልፈራሁትም።

«ማርያም ማረቻት» በደኅና ተገላገለች ማለት መሆኑን ያወቅኩት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጎረቤት ልጅ ሲወለድ ነው። ለሌላዋ እናት ሲባል ሰማሁና በቁሜ ቀዘቀዝኩ። ሳልማር ቆርቤያለሁ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ድፍረት አግኝቼ ለንስሐ አባቴ ለአባ ገብረመንፈስቅዱስ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። ናፍጣ ጾም ያፈርሳል የሚል መጽሐፍ አላየሁም፣ ያየ ካለም መካኒክ ይሆናል አሉኝ። ስቀው ፈቱኝ። እኔ ግን ሰባት ሰባት ስግደት በራሴ ላይ ጨመርኩ።

ያች በመንገድ የተወለደችው እህቴ አመተ ማርያም ተባለች። አራት ልጆች አሏት፤ እናታችንም ከአምስት ዓመት በፊት እስክታርፍ የሁሉንም ፀጉር በእጇ ሠርታለች። እኔ አልወለድኩም። አገባሁ፣ ሳይሆን ቀረ፣ ዕድሜው አለፈ። ስለዚህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ደጄ የገባ ሰው የለም። ይህን የማነሳው ለማዘን አይደለም። ከኋላ የሚመጣው እንዲገባችሁ ነው።

ዓምና በገበያ ቀን ከእህቴ ጋር በእሷ መኪና አሊዩ አምባ ወረድን። ጋሼ ኑርዬ ሰማንያ አልፏቸዋል። ልጅ ሆኜ አንተ ስላቸው የነበሩት ሰውዬ ዛሬ አንቱ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን አሁንም ንቁ ነው። ቴምር ይዘንላቸው ነበር። እህቴ ለገበያ ስትወጣ እኛ ጥላው ሥር ቀረን፤ እኔም ሳላስበው የዚያን ቀን ነገር አነሳሁ። የዚያን ቀን ጾምዎን ስለጠበቅኩልዎ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ደስ ይለኛል አልኳቸው።

ከቴምሩ አንዷን አንስተው በጣታቸው አገላበጡ። 

«ልጄ፣ አንቺ የሳብሽው ግማሽ መንገድ ደርሶ ተመለሰ» አሉ በመጨረሻ። «ሳሩ ላይ ስትወድቂ ቱቦው ከአፍሽ ወጣ። እኔ ነኝ ጨርሼ ያመጣሁት። ሁለት ጉንጭ ዋጥኩ። ቀዷውን፣ የጎደለብኝን አንድ ቀን፣ ከረመዳን በኋላ ጾምኩ፤ ወላሂ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የቀለለኝ ጾም የለም።»

አፋቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ አየኋቸው። አንድ ቀን አለብኝ ሲሉም ሰማኋቸው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የነበረ ነገር ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ከዚያ በፊት ጾሜን ሊጠብቅልኝ የሞከረ ሰው አልነበረኝማ። የስምንት ዓመት ልጅ የራሷን ሰብራ የእኔን ስትሰጠኝ፣ እሱም ተሰብሯል ብዬ ልመልስላት?»

እኔም የእኔን ነገርኳቸው። ስለቱን፣ ዳቦውን፣ እትዬ ወርቅነሽ ከበሩ ወጥታ ያለችውን፣ እንዴት ለእኔ መስሎኝ እንደነበረ። ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ፤ ሲስቁ ጥርሳቸው ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ አቆሙና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ወርቅነሽ ስም ጠርታ ነበር?»

«አልጠራችም።»

«ወደ ማን እያየች ነበር?»

«ወደ እኛ።»

«እንግዲያው» አሉ።

 ቁልቁል፣ ከገበያው በኩል፣ እህቴ መኪናዋን ስታስነሳ ተሰማ። ጋሼ ኑርዬ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ አዳምጪ ለማለት። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። አየር አልነበረባትም።